ሁለተኛው ዙር

ሚዛን፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት ወደ መጋዘኑ የገባ፦ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ዘጠኝ ኬሻ፣ ኮረሪማ ሁለት። ከኮረሪማው አንዱ ስላልደረቀ ለባለቤቱ ተመለሰ። ለባስልኤል ደብዳቤ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁ። ግልባጩን እዚሁ አስቀምጫለሁ።

ይድረስ ለልጄ ለባስልኤል፤ ላይፕዚግ፣ ጀርመን

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ፣ ላቆመን ጌታ ምስጋና ይሁንና፣ ደህና ነን። እናትህን ሳምልኝ።

በስልክ የነገርከኝን ለጋሼ ለታፈሰ ነገርኳቸው። ጀርመን አገር ባለ የድሮ ፊልሞች ማኅደር ውስጥ የእርስዎ የቦክስ ግጥሚያ ተገኘ ስላቸው «ማን አነሳው?» አሉ። እርስዎ ይሠሩበት በነበረው የመንግሥት ቡና እርሻ መፈልፈያ ሊተክል የመጣው ጀርመናዊ ነው አልኳቸው። «አሃ፣ ቀዩ ሰውዬ። ካሜራው ከአንገቱ አይወርድም ነበር» አሉ።

ጋሼ የአያትህ ወንድም ናቸውና እንደ ሩቅ ሰው አትያቸው። የቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል። የግራው ግፊት አለበት። ጅማ ያየቻቸው ሐኪም የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ የቻልነውን ያህል እናቆየዋለን ብላለች። አሁን የሚያዩት በቱቦ እንደሚመለከት ሰው ነው። በር ላይ የቆመውን ሰው ያዩታል፣ አጠገቡ ያለውን አያዩም። ቱቦው ደግሞ እየጠበበ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ቶሎ ያስፈልጋል። የደበዘዘም ቢሆን አሁን ይምጣ፤ የጠራው ዘግይቶ ቢመጣ ለማን ይሆናል?

ደብዳቤ ጻፍ ያልኩህ በምክንያት ነው። ስልኩ ይቆራረጣል። የተቆረጠውን እኔ ስሞላው ጋሼ «ይህን እሱ አላለም» ይሉኛል። የተጻፈውን ግን እንዳለ አነብላቸዋለሁ።

እዚህ ስማቸው ገና እንደተጠራ ነው። አማን ከተማ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ ልጆች ቦክስ የሚለማመዱበት የቆርቆሮ ቤት አለ። ግድግዳው ላይ «ያልወደቀው ታፈሰ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አሰልጣኙ አሞጽ ፊልሙ እዚያ ይታይልን ብሎ ለምኖኛል።

የእጅህን ሥራ ያሳምርልህ።
አክስትህ አስካለች


ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ አስካለች

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም እማማም ደህና ነን። ለጋሽ ታፈሰ ሁለታችንም ጉልበታቸውን ስመናል።

እስካሁን ያየሁት ማኅደሩ ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠውን ቁራጭ ብቻ ነው። ከሥሩ «ቡና፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፤ ስማቸው ያልታወቀ ቦክሰኞች» ይላል። ለእማማ ምንም ሳልነግራት ከፈትኩላት። ቡና ስትጠጣ ነበርና ስኒዋን አስቀምጣ «ይህ አቋቋም የማን ነው?» አለች። ከዚያ ወንበሯን ጎትታ ተጠጋች። የግራ እግሩን ጣት ወደ ውስጥ ያዞራል። ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን ነው። ሲያፈገፍግ እንኳን ወደፊት የሚመጣ ይመስላል። እኔ ጋሽ ታፈሰን የማውቃቸው እማማ ሳሎን ባለው ፎቶ፣ ሸምግለው፣ ጋቢ ለብሰው ነው። ይህን ሰው ባላውቀውም ኮራሁበት።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። ከኋላ ሰፊ ሲሚንቶ ላይ ቡና ተሰጥቷል፤ ከዛፍ ላይ ደግሞ ክብ ብረት ተንጠልጥሏል። ተጋጣሚያቸው ረጅም፣ ጠይም ሰው ነው። ማን እንደሆነ ይነግሩኛል? ዓርብ ማኅደሩ ድረስ ሄጄ ሙሉውን አያለሁ። ለቤተሰብ የሚሆን ግልባጭ እንደሚሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል።

ደጃፍዎ አይጉደል።
ልጅዎ ባስልኤል


ሚዛን፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት የገባ፦ ጀንፈል አሥራ አንድ ኬሻ። የአንዱ ባለቤት ከሥር እርጥብ ከላይ ደረቅ አድርጎ ሞልቶ መጣ። አስገልብጬ አሳየሁት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ይዞት ተመለሰ።

ይድረስ ለባስልኤል

ሰላምህ ይብዛ። ደብዳቤህን ጋሼ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «ሲያፈገፍግ እንኳን ወደፊት የሚመጣ ይመስላል» ያልከውን ሲሰሙ «ይህ ልጅ ቦክስ ያውቃል እንዴ?» አሉ። አያውቅም፣ አረጋውያን ቤት ነው የሚሠራው አልኳቸው።

ክብ ብረቱ የመኪና ቸርኬ ነው። ዝናብ ሲመጣ ዘበኛው ይደበድበዋል፣ በእርሻው ያለ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይሮጥና ቡናውን በሸራ ይሸፍናል። እናቴ እዚያ ትለቅም ስለነበር እኔም በልጅነቴ ሮጫለሁ።

ተጋጣሚያቸው ጀይላን ይባላል። ያኔ ከጅማ በጭነት መኪና መጥቶ ነው የገጠማቸው። ኋላ ቴፒ አግብቶ ቀረና ጨርቃ ጨርቅ ሲነግድ ኖረ። ዛሬ ሱቁን ልጆቹ ይዘውታል፣ እሱ በር ላይ ይቀመጣል። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስንገባ ትልልቆቹ «ጀይላን፣ ታፈሰን ጥለኸው ነበር አሉ» ይሉታል። እሱ ሜትሩን ያስቀምጥና «አንድ ጊዜ ጥዬዋለሁ። ተነስቶ አሸነፈኝ» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «እሱ ሲመታህ ያየኸው ሕልም ነው» ይሉታል። ዛሬም ያው ነው። ባለፈው ዝንጅብል ልገዛ ቴፒ ወርጄ አንድ ሹፌር «አንተ ጣይ፣ እንዴት አደርክ?» ሲለው ሰማሁ። የልጅ ልጁ ከውስጥ ብቅ ብላ ነበር፤ አቀርቅራ ተመለሰች።

ጋሼ አንድ መልእክት አላቸው። እንዳሉት ጻፍሁት፦ «ሁለተኛው ዙር አለበት ወይ ብለሽ ጠይቂው።» ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ብርታቱን ይስጥህ።
አስካለች


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

እንደምን ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ሥራ ቦታ ሁለት ሰዎች ታመው የእነሱን ተራ ጭምር ስሠራ ቆየሁ። እማማም ጉልበቷን እያመማት ነው፣ ግን ደህና ናት። የጋሽ ታፈሰ ዓይን እንዴት ነው? ጠብታው ይገኛል?

ፊልሙን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ዙር ነው። በጣም ያምራል። በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ሰው ተሸክሟቸው ሲዞር ይታያል። መካከሉ በእርጥበት ተበላሽቷልና አልሆነም። ያለው ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

ጋሽ ታፈሰ ስለዚያ ቀን ምን ያስታውሳሉ? ዓይናቸውስ እንዴት ነው?

ልጅዎ ባስልኤል


ሚዛን፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት የገባ፦ ጀንፈል አምስት ኬሻ፣ ማር አንድ ጀሪካን። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ገበሬው አልወጣም።

ይድረስ ለባስልኤል

ሰላም ላንተ፣ ምሕረት ለእናትህ ጉልበት። ፊልሙ ደርሷል። ትናንት ማታ አማን ላይ አሞጽ አንሶላ ሰቅሎ፣ ፕሮጀክተር ተውሶ አሳየ። ቤቱ ሞልቶ በመስኮት ሳይቀር ይታይ ነበር። ጋሼን ከአንሶላው ፊት አስጠግተን አስቀመጥናቸው። አንድ ልጅ «ጋሽ ታፈሰ፣ ይህ ሁሉ ጡንቻ የት ገባ?» አላቸው። «ስወጣ ለእርሻው አስረከብኩ፣ ንብረት ክፍሉን ጠይቅ» አሉት። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ያጨበጨበውን አልሰሙትም። ወደ እኔ ዞረው «ሁለተኛው የት አለ?» አሉኝ።

ተበላሽቷል ብሏል አልኳቸው። ቤት ደርሰን ከባጃጁ ሲወርዱም ያንኑ ደግመው ጠየቁኝ።

አሁን የራሴን ልጻፍልህ። በመጀመሪያው ዙር ፀሐይ አለ፣ ቡናው ተሰጥቷል። በሦስተኛው ሲሚንቶው ረጥቧል፣ ቡናው ተሸፍኗል። በመካከል ዝናብ መጥቷል፤ ይህ ይገባኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። እርጥበት የሚያበላሸው ፊልም ጠርዙ ይጠቁራል፣ ይቦጫጨቃል፤ አንድ ዙር ለይቶ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ አይበላም። የአንተ ግን በምላጭ እንደተቆረጠ ነው። እኔ ከላይ የተሞላውን አይቼ ኬሻ አልገዛም፣ አስገልብጣለሁ። በክፋት ነው አልልም። ግን ምን እንዳስቀረህ ንገረኝ። ጋሼ ባለፈው ሳምንት ደጃፍ ላይ ቆሜ ማን ነሽ አሉኝ።

አስካለች


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ አስካለች
ይህን ለብቻዎ ያንብቡት። ለጋሽ ታፈሰ አያንብቡላቸው።

አልተበላሸም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

በሁለተኛው ዙር ጋሽ ታፈሰ ይወድቃሉ። መውደቃቸው ብቻ ቢሆን እልከው ነበር። አወዳደቃቸው ነው የከበደኝ። እየበለጡ ነበር። ምንም ሳይነካቸው እጃቸውን ያወርዳሉ፣ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ሊሄዱ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ልክ እንደሚሸሽ ሰው። ያኔ ነው ጋሽ ጀይላን ከጎን የመታቸው። ስንቴ መላልሼ እንዳየሁት አልነግርዎትም። ሌላ ነገር ላይበት ብዬ ነበር፤ አላየሁም።

እዚህ ስመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ልጆች ሲከቡኝ እማማ «የታፈሰ ዘር አይዞርም» ትለኝ ነበር። በእሱ ነው ያደግሁት። ዓይናቸው ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ሰው የመጨረሻ ያየው ነገር ይህ እንዲሆን አልፈለግሁም። እርስዎ ካዘዙኝ ሙሉውን እልካለሁ። ግን እባክዎ ያስቡበት።

ባስልኤል


ሚዛን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት የገባ፦ ጀንፈል ስምንት ኬሻ። ሁሉም ደረቅ።

የባስልኤልን ደብዳቤ መጋዘን ውስጥ ብቻዬን አነበብኩት። ለጋሼ የተጻፈውን ሁሉ አነብልዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ልጁ ደግሞ አታንብቢ ብሏል። ሁለቱን መዘንኩ። ፊልሙ የልጁም የእኔም አይደለም፣ የጋሼ ነው። ቀትር ላይ ሄጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ «ለብቻዎ» ያለውንም ሳልዘል።

ስጨርስ «ታዲያ አለ ማለት ነው» አሉ።

«አለ፤ ወድቀዋል ነው የሚለው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ያኔም ወድቄያለሁ ብዬ ተናግሬያለሁ። ታፈሰ ትሑት ነው አሉ። ሁለት ሦስቴ ሞክሬ ተውኩት።»

«ታዲያ ምንድን ነው የፈለጉት?»

ጠብታውን ከኪሳቸው አውጥተው በጣቶቻቸው አገላበጡት። «ዳኛው ስምንት ሲል ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት ያለው የለኝም፣ ተጠርጓል። ተነሳሁ፣ አሸነፍኩ፣ ተሸክመውኝ ዞሩ። በማግስቱ አንድ የእርሻው ሠራተኞች ካምፕ ጓደኛዬ በጆሮዬ ‹ለምን ዞርክ?› አለኝ። እኔ መዞሬን አላውቅም። ሌላ ሰው ስጠይቅ ‹ኧረ አንተ መች ወደቅክ› ይሉኛል። ያልወደቀ የተባለ ሰው እንዴት እንደወደቀ ማንን ይጠይቃል?»

«ጋሽ ጀይላንን አይጠይቁም ነበር?»

«ፈርተህ ዞርክ ቢለኝስ?»

ጠብታውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ፈርቼ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ። «ይህች ዓይን ሳትዘጋ በራሴ ልየው። ለልጁ ጻፊለት።»

ጻፍሁ፦

ይድረስ ለባስልኤል። ደብዳቤህን ለጋሼ አንብቤላቸዋለሁ፣ በእኔ ላይ ይሁን። መውደቃቸውን ያውቁ ነበር። የማያውቁት ለምን እንደዞሩ ነው። አርባ ስድስት ዓመት በሙሉ ፈርቼ ይሆን እያሉ ኖረዋል። ስለዚህ ሙሉውን ላክ፣ አትቁረጥ፣ አታሳምር። ጋሼ ደግሞ እንዲህ በይው አሉ፦ «ልጄ፣ ስላፈርክልኝ አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ልፈርበት።» አስካለች።


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴና ለጋሽ ታፈሰ

ሙሉው ይኸው። አንድም አልነካሁበትም። ስታዩት አብሬያችሁ ብሆን እወድ ነበር። ምንም ይሁን ምን ጻፉልኝ።

ባስልኤል


ሚዛን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት የገባ፦ ጀንፈል ስድስት ኬሻ። ከዚያ በኋላ የመጣውን አልተቀበልኩም፤ መጋዘኑን ዘጋሁ።

ይድረስ ለባስልኤል

ሰላም ይደርብልህ። ይህን ለእናትህም አንብብላት።

ፊልሙን ወደ አማን አልወሰድኩትም። መጋዘን ውስጥ ኬሻ ላይ ተቀምጠን በስልኬ አየነው። ጋሼ ስልኩን ከግራ ዓይናቸው አስጠግተው ያዙ። በመጀመሪያው ዙር ፈገግ አሉ። ሁለተኛው ሲጀምር ስልኩን ይበልጥ አስጠጉት። አንተ እንዳልከው ሆነ። እጃቸው ወረደ፣ ዞሩ፣ ተራመዱ፣ ተመቱ፣ ወደቁ።

ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ዞሬያለሁ» አሉ። «ልጁ ልክ ነው። ማንም ሳይነካኝ ዞሬያለሁ።»

እስኪ ይስጡኝ ብዬ ከመዞራቸው ትንሽ ወደኋላ መለስኩት። እርሳቸው በዚያች ዓይን የሚያዩት መሀሉን ነው፣ ራሳቸውንና ጀይላንን። እኔ ዳር ዳሩን አየሁ።

«ጋሼ፣ ከኋላ ሴቶች እየሮጡ ነው።»

«የት?»

«ማስጫው ላይ። ሁለቱ ሸራ ይጎትታሉ። አንዷ ቅርጫቷን ጥላ መጣች።»

ቀና አሉ። «ዛፉ አጠገብ ሰው አለ?»

«አለ። ቸርኬውን በብረት እየደበደበው ነው።»

ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ጋሼ ግን ያን ጊዜ የሰሙት ይመስለኛል። እጃቸው ከጭናቸው ተነሳ። «እግሬን እይልኝ» አሉ። «ወዴት ነው የሚሄደው?»

ደግሜ አየሁት። ሦስተኛም አየሁት፣ እርግጠኛ ሳልሆን እንዳልናገር።

«ወደ ሸራው።»

«ልሸሽ ብል በየት ነበር የምወጣው?»

«በግራ በኩል። እዚያ ሰው የለም፣ መንገዱም በዚያ ነው። እርስዎ የሄዱት ወደ ቡናው ነው፤ ጎንበስም ብለዋል። ሸራ ሊያነሱ።»

ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፣ ጠብታው ሁሉ በጉንጫቸው ወረደ። «ቡና ልሸፍን» አሉ። «በግጥሚያ መሀል፣ ጓንት አጥልቄ፣ ቡና ልሸፍን። ዙሩ የሚያልቀው በፊሽካ ነበር እኮ፣ በቸርኬ አይደለም። ቸርኬውን ሲሰማ ግን እግሬ እኔን አልጠየቀኝም።»

«ጋሽ ጀይላንስ አልሰማም?»

«ሰምቷል፣ ግን የጅማ ከተማ ልጅ ነው። ቸርኬ ለእሱ ምኑ ነው? እጄ ወርዶ ሲያገኘኝ መታኝ። እኔም ብሆን እመታው ነበር። አንድም ጥፋት የለበትም።» ሳቃቸው ቆመ። «አንድ ጊዜ ጥዬዋለሁ፣ ተነስቶ አሸነፈኝ እያለ ስንት ዓመት ተናገረ? ከእውነቱ አንድ ቃል አልጨመረም። እኔ ደግሞ ፈርተሃል እንዳይለኝ ሱቁ አልደረስኩም። ነገ ቴፒ ውሰጂኝ።»

«ነገ ቡና የሚያስገቡ ሰዎች ቀጥሬያለሁ።»

«ይመለሱ። ዓይኔ አይመለስም።»

ስለዚህ እንሄዳለን።

አንተ ያላየኸው ቸርኬው ሲደወል ሮጠህ ስለማታውቅ ነው፣ በዚህ አትዘን። ፊልሙን ፈልገህ ባታገኝ እኛም አናየውም ነበር። ሁለት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ ማኅደሩ «ስማቸው ያልታወቀ» የሚለውን ያንሳና ታፈሰና ጀይላን ብሎ በአንድ መስመር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሸራ የሚጎትቱት ሴቶችም ስም አላቸው። ጋሼ የሁለቱን አስታውሰዋል፣ ሦስተኛዋን እያሰቡ ነው። ሲመጣላቸው እልክልሃለሁ።

ለእናትህ የታፈሰ ዘር ዞሯል በላት፤ ዝናብ መጥቶ ነበርና።

አክስትህ አስካለች

ነገ፦ ስልኩን ከማለዳ በፊት መሙላት። ከጋሼ ጋር በመጀመሪያው ሚኒባስ ቴፒ መውረድ። ጠብታውን አለመርሳት። ለጋሽ ጀይላን ሁለተኛውን ዙር ሱቁ በር ላይ ማሳየት፤ ልጆቹና የልጅ ልጁ ባሉበት፣ ሹፌሮቹም ካሉ እነሱም ይዩ። ስንመለስ አማን ወርጄ ግድግዳው ላይ «ያልወደቀው» የሚለውን እንዲያጠፋ ለአሞጽ መንገር፤ «ታፈሰ» የሚለው ይቆይ። ሸራ መግዛት፤ የመጋዘኑ ተቀዷል።